እህታችን ያሳለፈችልን ምሳ

በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ የጠረጴዛ ሙሻማ ሽታ ለብዙ ሰው ምንም አይደለም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልለመድሁትም። ምግብ ቤት ገብቼ ወንበር ስቤ ገና ሳልቀመጥ ያ ሽታ፣ ትንሽ በርበሬ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ትንሽ ላምባ የተቀላቀለበት ሽታ ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ በሩ ይሄዳል። ስልሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እሆንና፣ አባቴ ድንገት ይገቡ ይሆን እያልሁ በሩን አያለሁ።

አባቴ ቄስ ገብረ ማርያም ከራቤል ወዲያ ባለች በአንዲት የጊሼ ደብር የሚቀድሱ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ገብሳቸውን የሚያርሱ ሰው ነበሩ። በቤታችን እንጀራ መሸጥ ከስርቆት ያላነሰ ነውር ነበር። መንገደኛ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ!» ብሎ ከደጅ ሲጣራ፣ እናቴ ማንነቱን ሳትጠይቅ አስገብታ፣ እግሩን አሳጥባ፣ ያለውን አቅርባ ታሳድረውና፣ ጧት ምርቃቱን ትቶ ይሄድ ነበር። «አብልቶ እጁን ከሚዘረጋ ቤት ይሰውረን» ይሉ ነበር አባቴ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤቶች እየተከፈቱ ነው የሚል ወሬ በሰሙ ቁጥር።

የበኩር ልጃቸው አስካለ በአሥራ አራት ዓመቷ መርሐቤቴ ተድራ፣ ሁለት ክረምት ከባሏ ጋር ተቀምጣ ጠፋች። የት እንደገባች የሚያውቅ አልነበረም። የባሏ ሽማግሎች መጥተው አባቴን በደብራቸው ደጃፍ፣ በምእመናኑ ፊት ሲወቅሷቸው፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆሜ አይ ነበር። አባቴ ቤት ገብተው መቋሚያቸውን ከጥግ አቁመው፣ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስሟ እንዳይነሣ» አሉ። አልተነሣም። እናቴ ብቻ ሰው ስንት ልጅ አለሽ ብሎ ሲጠይቃት፣ አፏን ከፍታ ትንሽ ትቆይና ወሬ ትለውጥ ነበር።

እኔም በተራዬ ለትዳር ስታሰብ፣ ሊጠይቁ የመጡትን ሰዎች አባቴ መሬት መሬቱን እያዩ «ትማር» ብለው መለሷቸው፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። እኔ ግን ከአስካለ የተነሣ መሆኑ ልጅ ሆኜም ገብቶኝ ነበር። ትምህርቴ በቀጭን ክር የተንጠለጠለ ይመስለኝና፣ አንዲት ነውር ብትሰማ ክሩ ይበጠሳል እያልሁ እፈራ ነበር።

መስከረም ሲብት አባቴ በሶና ድርቆሽ በበቅሎ ጭነው፣ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ደምሴን ከፊት አስቀድመው፣ የጓሳን ሜዳ ሙሉ ቀን አቋርጠን መሐል ሜዳ እንደርስ ነበር። ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ፣ ሣሩ እስከ ጉልበት የሚደርስ ነበር። ከአንዲት አሮጊት ቤት አንድ ክፍል ተከራይተው ያስገቡንና፣ በየወሩ ስንቅ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውን፣ መስቀል አሳልመውን ይመለሱ ነበር።

እኔ አሥራ ሦስት፣ ደምሴ አሥራ አምስት ዓመት በሆነን ዓመት በኅዳር፣ አጨዳው ሲያልቅ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሻሽ ያሰረች፣ ጫማ የተጫማች፣ ሳሙና ሳሙና የምትሸት ወጣት ሴት ከአጥሩ ጥግ ጠራችኝ። «የቄስ ገብረ ማርያም ልጅ አይደለሽም?» አለችኝ። ነኝ አልኋት። «ጥሩዬ፣ አላወቅሽኝም?» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ፊቷን ሳይሆን ያወቅሁት ያን ስብራት ነው፤ እናቴ ልታለቅስ ስትል እንደዚያ ነበርና የምትሆነው።

አስካለ ደብረ ብርሃን በአንድ ሆቴል በአሳላፊነት ስትሠራ ቆይታ፣ እኛ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት መግባታችንን ከአንድ ነጋዴ ብትሰማ፣ እዚሁ ከተማ ካለ ምግብ ቤት ተቀጥራ መጥታ ኖሯል። ከጓሳ ማዶ ስለመጣን የሚያውቃት ሰው በከተማው አልነበረም። እኛ ግን አወቅን፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የምደብቀው ነገር ይዤ አደርሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የገበያው ሰው በልቶ ከወጣ በኋላ፣ ባለቤቲቱ ሴትዮ ጓዳ ገብታ ጋደም ስትል፣ አስካለ እኔንና ደምሴን ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ካለው ጠረጴዛ አስቀምጣ ከድስት የተረፈውን ታቀርብልን ነበር። ዝም ብለን እንድንበላ ግን አትፈቅድም። «ነገ ተምራችሁ ሹም ትሆናላችሁ፣ በዚህ ወንበር ትቀመጣላችሁ፤ እንዴት እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚወጣም ዕወቁ» ትለን ነበር። ጉርሻ ማለት ሰው ሰውን በእጁ የሚያጎርሰው ብቻ ይመስለን ስለነበር፣ ለአሳላፊ የሚተው ሳንቲምም ጉርሻ እንደሚባል ስትነግረን ደምሴ ሳቀ።

«አትሳቅ» አለችው። «ሴትዮዋ የምትሰጠኝ ምግቤንና ማደሪያዬን ነው። ሌላው ሁሉ ከጉርሻ ነው። ስለዚህ ስማኝ። ስትጠራኝ አታጨብጭብ፤ እኔ በግ አይደለሁም። ‘እህቴ’ በለኝ። በልተህ ስትጨርስ ሳንቲሙን ከሳህኑ ጎን አስቀምጥ፤ ከአጥንት ሥር አትቅበረው፣ እጄ ላይም አታድርግ።»

«እጅሽ ላይ ምን ችግር አለው?»

አስካለ እጇን በፎጣዋ ጠርጋ «ሳንቲሙን ሰጥተው እጄን የማይለቁ አሉ» አለች። ደምሴ አቀረቀረ። «ስጥና አትጠብቅ። ዞረህም አትይ፤ የሰጠኸውን ሳነሣ ማየት ለምን ያስፈልግሃል? ከሌለህ ደግሞ ‘እጅሽ ይባረክ’ ብለህ ውጣ። እሱም ያጠግባል።»

«ታዲያ ከልመና በምን ተለየ?» አላት ወንድሜ። ክፋት አልነበረውም፤ የአባታችን ልጅ ስለሆነ ነው።

«ለማኝ ቆሞ ይለምናል፤ እኔ ቆሜ አሳልፋለሁ» አለችውና ሳህኑን አንሥታ ሄደች። የዚያን ቀን ተመልሳ አላናገረችንም፤ እኛም የቀረበልንን ሳንጨርስ ወጣን።

ደብተራችንና የመብራታችን ላምባ ከዚያ ጉርሻ ይገዛ ነበር። ጥር ላይ የጭነት መኪኖች በደረቁ መንገድ በብዛት ሲመጡ፣ ሾፌሮቹ ይበሉና አስካለ አዲስ ደብተር ይዛልን ትመጣለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤቱ ጭር ስለሚል «ጾም ሲገባ ጉርሻም ይጾማል» ትልና፣ ፊደሌን አሳንሼ በየመስመሩ መካከል እጽፍ ነበር። አባቴ ስንቅ ይዘው ሲመጡ ደብተሬን ገልጠው ያያሉ፤ ማንበብ የሚችሉት ግዕዙንና አማርኛውን ነው፣ ሆኖም የሒሳቡንም ገጽ በጣታቸው እየዳሰሱ «ይህን ሁሉ ወረቀት ከየት አገኛችሁ?» ብለው አንድ ቀን ጠየቁ። ደምሴ «ትምህርት ቤት ይሰጣል» አለ። የቄስ ልጆች ሆነን በጾም ወራት መዋሸታችን እያስጨነቀኝ፣ ቅዳሴ ቆሜ ቅዱስ ቁርባን ሲወጣ ዓይኔን እጨፍን ነበር።

ፋሲካ አልፎ፣ ክፍሌን አንደኛ መውጣቴን አባቴ የሰሙ ሰሞን፣ ጋሽ በለጠ የሚባል ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጣ። የመንዝ ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ እየገዛ አዲስ አበባ ወስዶ የሚሸጥ፣ የአባቴ የንስሐ ልጅ ነበር። እሱ ከተማ በሚውልበት ቀን አባቴ ስንቅ ይዘው መጥተው ኖሮ፣ መንገድ ላይ ተገናኙና መስቀል ተሳልሞ «አባቴ፣ ዛሬ እርስዎንና ልጆችዎን ምሳ ሳልጋብዝ አልሄድም፤ አንደኛ የወጣች ልጅ እንዲህ በባዶ አትታለፍም» አላቸው። አባቴ አይሆንም አሉ። ጋሽ በለጠ ግን ከእግራቸው ሥር ሊደፋ ሲል፣ የንስሐ ልጃቸውን በመንገድ ላይ ማሳፈር ስላልወደዱ «እሺ፣ እንግዲህ» አሉ። የሚወስደን አስካለ ወደምትሠራበት ቤት እንደሆነ በታጠፈበት አቅጣጫ ገባኝ።

ደምሴ ከኋላ እየተጎተተ «አባባ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አለ።

«በሃምሳው ቀን ጾም የለም፤ የቄስ ልጅ ሆነህ ይህን አታውቅም?» አሉት አባቴ። ሌላ ሰበብ አልተገኘም። ልሩጥና ለአስካለ ልንገራት ብል አባቴ እጄን ይዘው ነበር፤ በሕዝብ መንገድ እጄን ሲይዙኝ ያ የመጀመሪያቸው ነው፣ ደስ ብሏቸው ነበር።

ገብተን ተቀመጥን። አስካለ በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳፋ ይዛ፣ በትከሻዋ ፎጣ ጣል አድርጋ ከጓዳ ብቅ አለችና፣ እኛን አይታ ቆመች። መመለስ ትችል ነበር። አልተመለሰችም። መጥታ ከአባቴ ፊት ጎንበስ ብላ ውሃውን ማፍሰስ ጀመረች። አባቴ የሴት ፊት የማየት ልማድ ስላልነበራቸው እጃቸውን ብቻ እያዩ ታጠቡና፣ ሊመርቁ ቀና አሉ። «እግዚአብሔር ይባር…» ብለው ቀሩ። ውሃው ከእጃቸው አልፎ በሳፋው ጠርዝ እየፈሰሰ እግራቸውን ሲያርስ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ጋሽ በለጠ ስለ ባና ዋጋ እያወራ ስለነበር አላየም። ከዚያ አስካለ ማንቆርቆሪያውን አቅንታ፣ ፎጣውን በሁለት እጇ ሰጥታቸው፣ ወደ እሱ ዞረች።

ጥብሱ ሲቀርብ አባቴ ለጸሎት ተነሡ። አቡነ ዘበሰማያትን ከአፍ መፍቻቸው ጀምሮ ሲሉት የኖሩ ሰው፣ «ኅድግ ለነ አበሳነ»፣ በደላችንን ይቅር በለን ከሚለው ላይ ሲደርሱ ጸጥ አሉ። ጋሽ በለጠ ዓይኑን ገልጦ አያቸው። ቆይተው ቀሪውን በዝግታ ጨረሱት። ከዚያም አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀምሱ ተቀምጠው ቀሩ።

ጋሽ በለጠ ክፉ ሰው አልነበረም። በልቶ ሲጨርስ አፉን ጠርጎ፣ «ልጆች፣ ተማሪዎች ናችሁና የከተማ ወግ ላስተምራችሁ» አለን። «አዲስ አበባ ሂሳቡን ብቻ ከፍሎ ብድግ የሚል ሰው ባላገር ይባላል። ለአሳላፊ ጉርሻ ይጣልለታል። እንዲህ ነው።» እጁን ሁለት ጊዜ አጨበጨበና «አንቺ! ነይ እስኪ!» አለ። አስካለ ትሪዋን ይዛ መጣች። ከኪሱ አንድ ሽልንግ አውጥቶ ከትሪው ላይ ወረወረው፤ ሽልንጉ ጮኾ ነጠረና ከመሬት ወድቆ እየተንከባለለ ከአባቴ ወንበር ሥር ገባ። «አንሺው፣ ያንቺ ነው!» አላት እየሳቀ። አስካለ ተንበርክካ ከአባቷ እግር ሥር በእጇ መፈለግ ያዘች። አባቴ እግራቸውን አላነሡም፤ ማንሣት ያቃታቸው ይመስል ነበር።

እሷ ተነሥታ ስትቆም ጋሽ በለጠ ለደምሴ አንድ ስሙኒ ሰጠውና «በል አንተም ሞክር፣ ጣልላት» አለው። ደምሴ ስሙኒውን ጨብጦ ደረቀ። «ወንዱ ፈራ!» አለና ከእጁ ወስዶ ለእኔ ሰጠኝ። «አንደኛዋ ታሳየን።»

በዕድሜዬ እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። እንደ እሱ ብጥለው እህቴን መጣሌ ነው፤ እሷ እንዳስተማረችኝ ባደርገው ደግሞ ማን እንዳስተማረኝ ሊታወቅብኝ ነው። አባቴ እያዩኝ ነበር። ስሙኒውን ከሳህኔ ጎን፣ ከሙሻማው ላይ ድምፅ ሳይሰማ አስቀመጥሁና «እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ» አልሁ። እንድንላት የነገረችን ቃል ነበር። ከአፌ ሲወጣ ግን እንደ ወግ አልወጣም።

«ኧረ እንዲህ አይደለም!» አለ ጋሽ በለጠ። «ይቺ ልጅ ደግሞ…»

«በለጠ» አሉ አባቴ። «ይቺ ልጄ ናት።»

«አዎ አባቴ፣ አንደኛ የወጣች ልጅ፣ እንዴታ!»

«ይቺ የቆመችው።»

ጋሽ በለጠ ወደ አስካለ አይቶ ፈገግ አለ። «አዎን፣ ሁላችንም ልጆችዎ ነን አባቴ።»

«አይደለም። ወልጃት ነው። አስካለ ትባላለች።»

ስሟን ከአባቴ አፍ ከሰማሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ጋሽ በለጠ ፊቱ ዐመድ መስሎ ተነሣና፣ ባርኔጣውን አውልቆ ከአባቴ ጉልበት ላይ ወደቀ። «አባቴ ይፍቱኝ! አላወቅሁም፣ ይፍቱኝ!»

«እኔን ምን አደረግኸኝ? የወረወርኸው ለእሷ ነው።»

ወደ እሷ ዞሮ «እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አላት። አስካለ ትሪውን ከደረቷ አስጠግታ ይዛ «እግዜር ይቅር ይበልዎ ጋሼ» አለችው። ሂሳቡን ከፍሎ፣ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ወጣ።

አባቴ ግን ተቀምጠው ቀሩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ከመቼ?»

«ከኅዳር ጀምሮ።»

ደምሴ ያኔ አፉን ፈታ። «ደብተሩን እትዬ ናት የምትገዛልን። ዋሽቼዎት ነው።» አባቴ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡና፣ በሩ ጋ ደርሰው ሳይዞሩ «የት ነው የምታድሪ?» አሏት።

«ከሴትዮዋ ልጆች ጋር፣ እጓዳ ውስጥ ነው አባባ።»

«መዝጊያ አለው?»

«አለው። መቀርቀሪያም አለው።»

ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ወጡ። በማግሥቱ ሳንነሣ ወደ ጊሼ ሄደው ነበር፤ ስንቁን ከበሩ ጥግ ትተው፣ መስቀል ሳያሳልሙን። ዛሬ ነገ መጥተው ይወስዱኛል ብዬ ልብሴን በነጠላዬ ጠቅልዬ ማደር ጀመርሁ። ደምሴ «እኔ ቀርቼ አንቺ ትማሪያለሽ፣ እነግራቸዋለሁ» ይለኝ ነበር፤ እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አስካለም ከሥራዋ ብትወጣ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም ነበርና፣ ለሁለት ቅዳሜ ስንገናኝ በሩን በሩን እያየን ነበር የምንበላው።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ እናቴ በበቅሎ ተቀምጣ፣ አባቴ ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ሲመጡ ከሩቅ አየሁ። እናቴ ከጓሳ ወዲህ ተሻግራ አታውቅም ነበር። ወደ ማደሪያችን ሳይሆን በቀጥታ ወደ ምግብ ቤቱ ጓሮ ሄዱ። አስካለ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እናቴ ከበቅሎዋ ወርዳ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ፣ የልጅዋን ሻሽ ፈታችና «ፀጉርሽን ማን ነው እንዲህ ያበላሸብሽ?» አለቻት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ከጉልበቷ መካከል አስቀምጣት፣ ፀጉሯን ከፍላ ሹሩባ ትሠራት ጀመር። እያለቀሱ እንደሆነ ከኋላ ሆኜ ከትከሻቸው ነው ያወቅሁት።

አባቴ ከውስጥ ገብተው ብቻቸውን ተቀመጡ። የቤቱን ሴትዮ «ልጄን አደራ» ብለዋት፣ አስካለ ሹሩባዋ ሳያልቅ ተነሥታ ያቀረበችላቸውን ምሳ እስከ መጨረሻው በሉ። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም፣ ይቅር በይኝም አላሉም፤ እስኪሞቱም ሲሉ አልሰማሁም። ስለ ትምህርቴም አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ በሚቀጥለው መስከረም በሶው ሲጫን ነው መማሬ መቀጠሉን ያወቅሁት። አስካለ ወደ ቤት አልተመለሰችም፣ ግን በየመስቀሉ ትመጣ ነበር። በኋላ ደብረ ብርሃን የራሷን ምግብ ቤት ከፍታ፣ ልጆች አሳድጋ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈች። እኔ መምህር ሆንሁ።

አሁን የልጅ ልጆቼ በየበዓሉ ምሳ ይጋብዙኛል። ገና ወጣቶች ናቸው፤ ምን ያህል ጉርሻ መተው እንዳለባቸው ሲጠይቁኝ እህቴ ያስተማረችኝን እነግራቸዋለሁ፣ ግማሹን ሰምተው በግማሹ ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። አልከፋም። ያኔ እኛ የምታቀርብልንን ሴት ማን እንደሆነች ስለምናውቅ ቀና ብለን ለማየት እንፈራ ነበር፤ እነሱ አይፈሩም፣ ሳያዩዋት በትሕትና ያመሰግኗታል፣ የምላሹን ብር ሳይቆጥሩ ትተውላት ይነሣሉ። ከእኛ ይልቅ ለጋሶች ናቸው። እኔ ግን ሁልጊዜ ትንሽ እዘገያለሁ። አሳላፊዋ ልጅ ሳህኖቹን ልታነሣ እስክትመጣ ጠብቄ፣ ፊቷን አይቼ፣ ተሰናብቻት እወጣለሁ።

«እማማ፣ ምን ረስተሽ ነው?» ይሉኛል ከመኪናው ውስጥ።

«ምንም» እላቸዋለሁ።